አድማጭ ዳኛ ነው፦ የትረካ ሙያ ከፎገራ ሜዳ እስከ ፊልም ሸራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ያመራል፤ ሌላው ርብን ተሻግሮ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይቀጥላል። በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ ለጥ ብሎ የተንጣለለው መስክ ፎገራ ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ደለል ሣር ያበቅላል፤ በወተቷ ስሟ የገነነው የፎገራ ላምም ያደገችው በዚሁ ሣር ላይ ነው። መንታ መንገድ፣ ገበያና የከብት መስክ ባለበት ወሬ አይጠፋም። ወሬ በበዛበት አገር ደግሞ ወሬውን አበጥሮ፣ አጣጥሞ፣ ቅርጽ ሰጥቶ ታሪክ የሚያደርግ ባለሙያ ይፈጠራል።

ዛሬ በልብ ወለድና በፊልም ድርሰት ዙሪያ ሁለት ቅሬታዎች ደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው የተደራሲው ነው፤ ድርሰቱ ሐሳብ እንጂ ታሪክ የለውም፣ ተጀምሮ እስኪያልቅ ልብ አይዝም ይላል። ሁለተኛው የደራሲው ነው፤ የዓመታት ድካሙን በጥቂት ደቂቃ ለአሳታሚ ወይም ለፊልም አሠሪ አስረድቶ ማሳመን ያቅተዋል፤ ድርሰቱም በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ብዙዎች የመጀመሪያውን የጥበብ፣ ሁለተኛውን የገበያ ጉዳይ አድርገው ይለያዩዋቸዋል። እንዲያውም ሁለተኛው ከባሕር ማዶ የመጣ የነጋዴ ብልሃት ነው የሚሉ አሉ። የአገራችን የቃል ጥበብ ታሪክ ግን ይህን ክፍፍል አይቀበለውም። ታሪክን አሳምሮ መሥራትና በሰሚ ፊት አቁሞ ማስወደድ ለረጅም ዘመን የአንድ ሙያ ሁለት እጆች ሆነው ኖረዋል።

ከልጆች ተረት እንነሣ። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ይህን ተራ የልጅ ጨዋታ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል። ተራኪው ከአድማጩ ፈቃድ ሳያገኝ አይጀምርም፤ አድማጩም ከመለሰ በኋላ የትረካው ተካፋይ ሆኗል። በረቱ ከተከፈተ በኋላ ላሚቱ ካልወጣች ልጆቹ ያንቀላፋሉ። ተራኪዋ አያት ደግሞ የልጆቹን ዐይን እያየች ታሳጥራለች፣ ታስረዝማለች፣ የጅቡን ድምፅ ታወፍራለች፣ የጦጣዋን ተንኮል ትደጋግማለች። እርማቱ ከሥራው ጋር እኩል ይሄዳል።

ከዚህ የሚጠነክረው ትምህርት ቤት የሙግት አደባባይ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ተሟጋች ሸማውን አደግድጎ በዛፍ ጥላ ሥር ይቆምና ነገሩን በቃል ያቀርባል። ከሳሽ «ተጠየቅ» ሲል ተከሳሽ «ልጠየቅ» ይላል። «በልሃ ልበልሃ» በሚባለው ሥርዓት ነገሩ በዜማና በምሳሌ እየተዋዛ ይወርዳል። መንገድ አላፊው ሳይቀር ተጠርቶ ለዳኝነት ሊቀመጥ ይችል ስለነበር፣ ተሟጋቹ ስለ ጉዳዩ አንዳች የማያውቅን ሰው በጥቂት ቃል ማስረዳት ይጠበቅበታል። ከሳሹ ማን ነው? ምን አጣ? ያሳጣው ማን ነው? ዳኛው የሚቆርጠው ነገር ምንድን ነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳይመልስ የዘር ሐረጉን ሲቆጥር የዋለ ተሟጋች እውነት እያለው ይረታል። የዛሬው የፊልም ድርሰት ጸሐፊ ታሪኩን በአንድ ገጽ እንዲያጠቃልል ሲጠየቅ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች ከእነዚህ ብዙ አይርቁም። ባለጉዳዩ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ተከራካሪው ባላንጣው ነው፤ ፍርዱ የታሪኩ ልቀት ነው። ልዩነቱ፣ አንዱ ሲረታ መሬቱን ያጣል፤ ሌላው ድርሰቱን።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት የቅኔ ጉባኤ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ተለይቶ፣ በዛፍ ሥር ወይም በወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቆሞ ያሰማል። መምህሩ ቃሉን፣ ዜማውን፣ ሰሙንና ወርቁን መርምሮ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው፤ ቀስ በቀስ እየተራመደ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ትንሹን ቅርጽ ሳይገራ ትልቁን እንዲይዝ አይፈቀድለትም። ይህን የሥልጠና ቅደም ተከተል ልብ ላለው የሥነ ጽሑፍ መምህር አንድ ነገር ይታየዋል። በሁለት ቤት ውስጥ ሰምና ወርቅ አስማምቶ መጨረስ የቻለ፣ ታሪኩን በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር አይቸግረውም፤ በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ደግሞ ምናልባት ታሪኩን ገና አላገኘውም።

እነዚህ ሦስቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው እንዲታዩ ከተፈለገ የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ይጠቀሳሉ። አለቃ በ19ኛው መቶ ዓመት በፎገራ፣ ከጣና ዳር ባለችው በናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ። በቅኔና በአቋቋም የተመሰገኑ ሊቅ ነበሩ፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ባለው ዘመን በጎንደር በአታም በቤተ መንግሥት አካባቢም ስማቸው ገኖ ኖረ። ሕዝቡ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ ቀልዳቸውን አብዝቶ ያስታውሳል። በስማቸው ከሚነገሩት መካከል ሁሉም የሚያውቀውን አንዱን ማየት ይበቃል። አለቃ በመንገድ ሲሄዱ አህያ የምትነዳ ሴት ያጋጥሟቸዋል። «እንደምን አደርሽ የአህያ እናት» ይሏታል። እርሷም ሳትደናገጥ «እንደምን አደርክ ልጄ» ብላ መለሰች።

ይህች ታሪክ ሁለት ሰው፣ አንድ መንገድና ሁለት ሰላምታ ብቻ ናት። ሆኖም ሙሉ ተውኔት የሚጠይቀው ሁሉ አላት። ሊቅና ባላገር፣ ወንድና ሴት፣ ተሳዳቢና ተሰዳቢ በአንድ ቦታ ተፋጠዋል። ኃይሉ ያለው በአለቃ እጅ ነው። መጨረሻ ላይ ግን በራሳቸው ቃል ተረትተዋል፤ ሴቲቱ ከአፏ ያወጣችው አዲስ ስድብ የለም፤ የተሰጣትን ቃል ተቀብላ መለሰችው እንጂ። ከ«ልጄ» በኋላ አንዲት ቃል ብትጨመር ታሪኩ ይበላሻል። ተራኪው ሕዝብ አለቃን እየወደደ በአለቃ ላይ ሌላ ሰው እንዲያሸንፍ መፍቀዱም ትልቅ ብልሃት ነው። ጀግናው የማይሸነፍበት ታሪክ አድማጩን አያሳስበውም።

የአለቃ ገብረ ሐና ሌላው ታሪክ የዛሬን ደራሲ ይበልጥ የሚመለከት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ አለቃ የጣናን ማዕበልና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ደንገል ተመልክተው አዲስ የመቋሚያና የሰውነት እንቅስቃሴ ስልት አወጡ፤ የጎንደር ሊቃውንት ግን ልማድ ያፈረሰ ነው ብለው አልተቀበሉትም። አለቃም ስልታቸውን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ስልቱ ከልጅየው ጋር ወደ ደብረ ታቦር ሄደ፤ እዚያም ሥር ሰደደ። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» በመባል ይታወቃል፤ ደብረ ታቦርም የስልቱ ማስመስከሪያ ሆናለች። አንድ ደጅ የዘጋውን ሥራ ሌላ ደጅ ከፈተለት። ደራሲው ግን ደጅ በተዘጋበት ጊዜ ማዕበሉን ወደ ቀድሞው ልማድ አልመለሰውም።

እዚህ ላይ የዚህ ሙያ አደጋ ይመጣል። ሰሚን ማሳመን የሚችል አንደበት ሰሚን መሸንገልም ይችላል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በጌታው ግብር ሲገባ እንጀራው ከጌታው እጅ ነበር፤ ስለዚህም ውዳሴው አንዳንዴ ከእውነቱ ይረዝም ነበር። ያው አዝማሪ ግን «ተቀበል» ባለው እንግዳ ግጥም ተሸሽጎ ጌታውን በሰምና ወርቅ ይወጋው ነበር። ከጣና ማዶ ከዘጌ የተገኙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛን ልብ ወለድ ጀመሩ፤ በዚያው ሰሞን ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የጻፉት መጽሐፍ ግን ውዳሴ የበዛበት ነው። በአንጻሩ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት በአዲስ አበባ መኳንንት ፊት አቅርበው በእንስሳት አፍ የአስተዳደሩን ብልሹነት ቢያሳዩ፣ ነገሩ ገብቷቸው ተከፉ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝም ተውኔት ለጊዜው ተከለከለ። አንዱ ሰሚውን አስደስቶ ታተመ፤ ሌላው ሰሚውን አስቀይሞ ተከለከለ። ዛሬ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት ታሪክ ሲነገር መነሻ የሚሆነው ግን ያ የተከለከለው ሥራ ነው።

ጽሕፈትና ማተሚያ ቤት ሲስፋፉ ደራሲው ከአድማጩ ፊት ተለየ። ዐይን እያየ ማሳጠር፣ ጉባኤ ሰምቶ መታረም ቀረ። ይህን ክፍተት በሚገባ ከተረዱት አንዱ መንግሥቱ ለማ ነበሩ። «የአባቶች ጨዋታ» በተሰኘው ሥራቸው የሽማግሌዎችን ቀልድና ወግ በግጥም አቀረቡ፤ በ1959 ዓ.ም. ባሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ» ደግሞ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቃል የተረኩትን በድምፅ መቅጃ ቀድተው፣ የአነጋገሩን ለዛ ሳያጠፉ ወደ ጽሑፍ መለሱት። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ገዝቶ ለማንበብ ዕድል ያላገኘው ሕዝብ እንደገና በበረቱ ዙሪያ ተሰበሰበ።

ፊልምም የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ነው። በ1938 ዓ.ም. በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ ተውኔት እየጻፉ ከቡድናቸው ጋር በየአገሩ ያሳዩ የነበሩት የገሪማ ታፈረ ልጅ ነው። «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እርሱና ባልደረቦቹ በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይተው ፊልሙን ለሕዝብ አቀረቡ፤ ተመልካቹም ለሳምንታት ተሰልፎ አየው። «ጤዛ»ን ለመሥራት ከ10 ዓመት በላይ ገንዘብ ፍለጋ ደጅ ጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ያ ፊልም በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ፊልም ድርሰትን ሽልማት አገኘ። ከአለቃ ገብረ ሐና ስልት ጋር ሲነጻጸር ዘመኑና መሣሪያው ይለያያል፤ መንገዱ ግን ይመሳሰላል።

ይህ ሁሉ ለዛሬው ደራሲ ምን ይፈይዳል? መልሱን በሜዳው ላይ መፈተን ይቻላል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባገዙት ሥራ በጅግናና በሻጋ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሩዝ እርሻ ተጀመረ። ሕዝቡ መጀመሪያ ለእንግዳው እህል ባዳ ነበር፤ በኋላ ግን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረበት፤ ውኃ የሚተኛበት መሬትም የገንዘብ ምንጭ ሆነ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ከዚያው መንደር ወሰደ፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያዎች ከተማ ሆነች። በዚያው ልክ ሩዙ የግጦሹን መስክ ስለወሰደ የፎገራ ላም መዋያ አጣች፤ የዝርያዋ ህልውናም አስጊ ሆነ።

ይህን ይዞ የሚነሣ ደራሲ፣ ስለ ምን ጻፍክ ቢሉት፣ «በፎገራ ስላለው የሩዝ ልማትና ስለ ገበሬው ኑሮ» ቢል የተናገረው ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ታሪክ አይደለም። እንደ ተሟጋች ቆሞ ቢናገር ግን እንዲህ ሊል ይችላል፦ «አንድ አባት ከእናቱ የወረሳቸውን ላሞች ዘር ለማቆየት የመጨረሻውን የሣር መሬት ያስጠብቃል፤ ልጁ ጎጆ የሚወጣው ያንኑ መሬት አርሶ ሩዝ ከዘራ ብቻ ነው፤ ርብ ከመሙላቱ በፊት ከሁለቱ አንዱ መልቀቅ አለበት።» ባለጉዳይ አለ፤ ተከራካሪ አለ፤ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ቀነ ቀጠሮው ክረምቱ ነው። ከሁሉም በላይ ሁለቱም እውነት አላቸው። ዳኛው፣ ማለትም ተመልካቹ፣ ማንን እንደሚረታ ሳያውቅ ለማወቅ ይጓጓል። አሳታሚውን የሚያነቃውም፣ ድርሰቱን እስከ መጨረሻው የሚሸከመውም ያው ግጭት ነው። ስለሆነም ባጭሩ ማቅረብ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሳይሆን፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ፍተሻ ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን ተማሪ ጽፎ እንዲያስረክብ ብቻ ሳይሆን ቆሞ እንዲያሰማና እንዲታረም ቢያደርጉ የቅኔውን ጉባኤ መልሰው ያቋቁማሉ። የባህል ሠራተኞችም በየወረዳው ያሉትን ተራኪዎችና የቀድሞ ሙግት አዋቂዎች ቃል ሳይዘገይ ቢቀዱ የመንግሥቱ ለማን ሥራ ይቀጥላሉ። ቃል ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።

የፎገራ ልጆች ተረታቸውን ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ተራኪው ዳቦ መጠየቁ አያሳፍረውም፤ ድካም ነውና ዋጋ አለው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ተረቱ ነው፤ ዳቦው ከዚያ በኋላ ይመጣል።