የኪስ ካሜራ
የኪስ ካሜራ (ኮምፓክት ካሜራ) ሌንሱ የማይነቀል፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የፎቶግራፍ ማንሻ ነው። ቀላል በመሆኑ ለመንገደኛ ይመቻል። ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሜጋፒክሰሉን ቁጥር ቢያዩም፣ በተለይ በደብዛዛ ብርሃን ጥራቱን ይበልጥ የሚወስኑት የሴንሰሩ ስፋትና ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ናቸው። በርካሾቹ ላይ የተለመደው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሶኒ አርኤክስ100 ግን ከነባትሪው 240 ግራም ብቻ እየመዘነ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር፣ ማለትም በስፋት 4 እጥፍ ያህል የሆነ ሴንሰር ነበረው። ስለዚህ ገንዘቡ አነስተኛ ለሆነ ሰው፣ ባለ ትልቅ ሴንሰር ያገለገለ ካሜራ ከአዲስ ርካሽ ካሜራ ሊሻል ይችላል፤ ከመግዛት በፊት ግን ሌንሱ ሳይደናቀፍ መውጣትና መግባቱ ይታያል። ሻጮች የሚያጋንኑት ዲጂታል ዙም ምስሉን ቆርጦ ከማጉላት በቀር አዲስ ዝርዝር አይጨምርም፤ መታየት ያለበት ኦፕቲካል ዙሙ ነው።