ውሃችን በመብራት ይወጣል

እኔ የሐረር ጀጎል ልጅ ነኝ፤ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማስበው ስለ ጀሪካናችን ነው። ሐረርን ለዓመታት ያጠጣት፣ በድሬዳዋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው፣ ትልልቆቻችን አለማያ የሚሉት የሐረማያ ሐይቅ ነበር። ደለሉ፣ የዝናቡ መዛባት፣ ለጫትና ለአትክልት የሚሳበው ውሃ ተደማምረው በ1990ዎቹ አደረቁት። በቅርብ ዓመታት መልሶ ውሃ መያዙ አስደስቶኛል።

ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ውሃው ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ይመጣ ጀመር። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያን ሁሉ ዳገት ውሃውን የሚገፋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ በአብዛኛው የግድብ ውሃ ነው፤ ድርቅ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይመታል። ስለዚህ የኃይል መስመር የምታቅዱ ወገኖቼ፣ የሐረርን ፓምፖች ከሆስፒታል እኩል አስቀድሙልን።