ከጦር ሰፈር እስከ ግቢ ጉባኤ፦ ክርስትናና አገልግሎት በባሌ ደጋ

የባሌ ደጋ የክርስትና ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ በዘመቻና በሹመት ይጀመራል፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚከተለው ንጉሡን ነውና። ይህ ቅኝት ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። በጎባ፣ በሮቤና በዙሪያቸው «ክርስቲያን ነኝ» ያለ ሰው በየዘመኑ ምን ሥራ ይሠራ ነበር? የአጥቢያዎችን ዝርዝር ለባለሙያዎቹ ትተን ሰባት መቶውን ዓመት በጥቅሉ እንየው።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ባሌ ከታወቁት የሙስሊም ሱልጣኔቶች አንዱ ነበር። የድሬ ሼኽ ሁሴን ስም የሚያስታውሰው እስልምና በዚያ ምድር ቀድሞ ሥር ሰድዷል። ዐፄ ዐምደ ጽዮን (1306–1336 ዓ.ም.) ባሌን አስገበሩ፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ደግሞ ጨዋ የሚባለው የድንበር ሠራዊት ሰፈረበት። እንግዲህ የመጀመሪያው ክርስቲያን ነዋሪ ባመዛኙ ዘበኛ ነበር ማለት ነው፤ ማንነቱም ከግብርና ከጦር ጋር የተሳሰረ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር አውራጃውን ያዘ፤ ቀጥሎም አባ ባሕርይ በ1580ዎቹ ታሪኩን የጻፉለት የኦሮሞ መስፋፋት መልኩን ለወጠው። በሠራዊት የቆመው ነገር ሠራዊቱ ሲነሣ የሚይዘው ምሰሶ አጣ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ባጭሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ አርሲን ካስገበሩ በኋላ ባሌም ተከተለ፤ ጎባም የጦር ሰፈርና የአስተዳደር መቀመጫ ሆና ተቆረቆረች። ከሠራዊቱ ጋር ታቦት መጣ፤ ከታቦቱ ጋር ለካህናት አገልግሎት የሚሰጠው የሰሞን መሬት መጣ። የአርሲ ኦሮሞ ገበሬ ቤተ ክርስቲያንን በመጀመሪያ ያወቃት በባለርስቱ በኩል ቆማ ነው። ይህን እውነት መሸፋፈን ለታሪክም ለእምነትም አይበጅም።

ነገር ግን በዚያው ቅጥር ውስጥ ዜና መዋዕል የማይመዘግበው ሌላ ኑሮም አለ። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይቀፍፋል፤ የባላባት ልጅም ቢሆን ከመቀፈፍ አያመልጥም። ዐቃቢቷ ለመገበሪያ የመጣውን ስንዴ ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ትፈጫለች። ዲያቆኑ ሌሊት ተነሥቶ በቤተ ልሔም ኅብስቱን ይጋግራል። ባሌ የስንዴ አገር ነው፤ የሲናናና የአጋርፋ ማሳ ዛሬ በኮምባይነር ይታጨዳል። ዳሩ ግን መገበሪያው ዛሬም ቢሆን በንጹሕ እጅ መለቀሙ አይቀርም። ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ማንነቱን የሚያገኝበት ትምህርት ቤት ይህ ነበር፤ በእኔ ግምት ከራሶቹ ሁሉ ይልቅ ክርስትናውን ያቆዩት እነዚህ ናቸው።

ጦርና መሬት ያልነበረው ሦስተኛው ጅረት የመነጨው ከባሌ ርቆ ነው። ሂካ የሚባል የኢሉባቦር ልጅ በባርነት ተሽጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ በ1862 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ ኦነሲሞስ ነሲብ በሚል ስምም ተጠመቀ። እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1891 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ። አገሩንና ስሙን የተነጠቀ ሰው ሁለቱንም መልሶ ያገኘው በትርጉም ሥራ ነው። ቆየት ብሎ የመካነ ኢየሱስና የቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት ይህንኑ መስመር አሰፉት፤ በተለይ የወላይታ ወንጌላውያን የወገናቸውን ሳንቲም ስንቅ አድርገው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ሲዳማ በእግራቸው ተጓዙ።

ወደ ባሌ እንመለስ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱ መሪነት የተካሄደው አመፅ መነሻው በዋናነት መሬትና ግብር ነበር። ብዙም ሳይቆይ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የሰሞኑንም የባለርስቱንም መሬት በአንድ ቀን ወረሰ። የሁሉም ዋና መታጠፊያ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የምትኖረው በምእመኑ ዐሥራትና ጉልበት ሆነ፤ ያልተፈለገ ነጻነት ሊባል ይችላል። የአገልግሎት አሳቡም በዚያው ግድም ታድሷል። በ1964 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቋመች፤ በዚያው ዓመት በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ትመራ የነበረችው መካነ ኢየሱስ ወንጌልንና ልማትን ለይቶ የሚረዳ ለጋሽ ሰውን ለሁለት እንደሚከፍል ለምዕራባውያን አጋሮቿ ጻፈች። ቄስ ጉዲና ከአገር እንዲወጡ የቀረበላቸውን ዕድል አልተቀበሉም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ከወላይታ የመጡ፣ በመንበሩም ላይ ጫማ ያላደረጉ መናኝ ነበሩ።

የዛሬው ምዕራፍ የወጣቶች ነው። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሮቤ ላይ ሲከፈት ከየአቅጣጫው ተማሪ አመጣ፤ ጎባ ያለው ሪፈራል ሆስፒታልም ከእርሱ ጋር ተያያዘ። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ካቶሊካውያን በካፑቺን መነኩሴ የሚመራ ሐዋርያዊ ግዛት በሮቤ ስም አቆሙ። ከቤቱ የራቀው ተማሪ በኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ ወይም በፕሮቴስታንቶቹ ኅብረት ጸሎት ቤተሰብ ያገኛል። ጥምቀት ሲደርስ በጥር ውርጭ ወጣቱ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ታቦቱ ካለፈበት ጠቅልሎ እንደገና ወደ ፊት ይሮጣል። ዙሪያውን አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ የባሌ ክርስቲያን በብዛቱ ሊመካ አይችልም፤ ጎረቤቱም የሚያውቀው በለቅሶ ቤትና በሕሙም አልጋ አጠገብ ነው።

ያልተዘጋው ጉዳይ የቋንቋው ነው። ኦነሲሞስ ከመቶ ዓመት በፊት የጀመረው ጥያቄ በጥር 2015 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ሲኖዶስ እስከ መናጥ ደረሰ፤ በየካቲት ስምምነት ተደረገ። ስምምነት በሳምንታት ይፈረማል፤ በኦሮምኛ የሚቀድስና የሚያስተምር ካህን ለማፍራት ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ያን ካህን የሚጠብቀው የባሌ ገጠር ደግሞ ሰፊ ነው።