መዝገበ ቃላት ያዘጋጀችው እህት

በዲላና በመላው ጌዴኦ ባሉ አጥቢያዎቻችን እህቶች ሲዘምሩ፣ ሲጸልዩ፣ ሕፃናትን ሲያስተምሩ እናያለን። ወደ ሥነ መለኮት ኮሌጅ የሚላክ ሰው ስንመርጥ ግን ዓይናችን ቶሎ ወንድሞች ላይ ያርፋል። ይህን ልማዳችንን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይወቅሰዋል።

አስቴር ጋኖ በባርነት ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች ከመርከብ ላይ ነጻ አወጧት። በምፅዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በኋላም 15,000 ያህል ቃላት የያዘ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ይህ ሥራዋ ኦኔሲሞስ ነሲብን በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም እጅግ ረዳው፤ ሙሉው መጽሐፍም በ1899 ታተመ። ኦኔሲሞስን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ አስቴርን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

ጵርስቅላስ ከአቂላ ጋር ሆና ሊቁን አጵሎስን አላስተማረችምን? (ሐዋ. 18፥26)

እንግዲህ ዕብራይስጥና ግሪክ ለመማር የምትናፍቅ ልጅ በመካከላችን ካለች፣ «ማን ያገባታል?» ከማለታችን በፊት የትምህርት ክፍያዋን እናስብ። ቡና በሚሸጥበት ወራት ለጸሎት ቤት ቆርቆሮ እንደምናዋጣ ሁሉ፣ ለእርሷም እናዋጣ። ጌታ ይርዳን። አሜን።