ትረንክ ፕሪፊክስ፦ የአገር ውስጥ መነሻ ቁጥር

ትረንክ ፕሪፊክስ በአንድ አገር ውስጥ ስልክ ሲደወል ከአካባቢው ወይም ከሞባይሉ ኮድ በፊት የሚገባ፣ ከውጭ አገር ሲደወል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀር ቁጥር ነው። የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ በ011፣ የባሕር ዳር በ058፣ ሞባይል በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ ከሁሉም ፊት የቆመችው ዜሮ ይህን ሥራ የምትሠራ ናት። በአማርኛ «የአገር ውስጥ መነሻ ቁጥር» ሊባል ይችላል።

«ትረንክ» ግንድ ማለት ሲሆን፣ በስልክ ሙያ አንዱን የስልክ ማዕከል ከሌላው የሚያገናኘው ዋና መስመር ይጠራበታል። ቀድሞ የሩቅ ከተማን ጥሪ የሚያገናኘው ኦፕሬተር ነበር። በብሪታንያ ደዋዩ ራሱ እንዲደውል የሚያስችለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1958 ብሪስቶል ላይ ሲመረቅ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ከዚያ ወደ ኤደንብራ ደወሉ። ኦፕሬተር ከመካከል ሲወጣ ማዕከሉ የሩቁን ጥሪ ከቅርቡ የሚለይበት ምልክት አስፈለገው፤ መጀመሪያ ላይ የምትመታው ዜሮ ያ ምልክት ሆነች። በሞባይል ዘመን ግንዱ ለደዋዩ የሚታየው ነገር ስላልሆነ የአማርኛው ስያሜ የተመሠረተው በቁጥሩ አገልግሎት ላይ ነው።

ከአገር ወደ አገር የሚደወል ቁጥር በቅደም ተከተል ሦስት ነገሮችን ይይዛል። የመጀመሪያው መውጫ ቁጥር ሲሆን፣ የሚወሰነው ደዋዩ ባለበት አገር ነው፦ በኢትዮጵያ፣ በአብዛኛው አውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች 00፣ በአሜሪካና በካናዳ 011፣ በአውስትራሊያ 0011 ነው። ሁለተኛው የተደዋዩ አገር ኮድ ነው፤ የኢትዮጵያ 251፣ የእስራኤል 972፣ የሳዑዲ ዓረቢያ 966 ነው። ሦስተኛው ያለ መነሻው ዜሮ የሚጻፈው የተደዋዩ ቁጥር ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ መሠረት የአገር ኮዱና የተደዋዩ ቁጥር ተደምረው ከ15 አሃዝ አይበልጡም፤ መውጫውና መነሻው በዚህ ስሌት አይገቡም።

መነሻና መውጫ ሲምታቱ ጥሪው ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል። 011 በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ መለያ፣ በአሜሪካ ደግሞ የመውጫ ቁጥር ነው። በ011 55 የሚጀምር የአዲስ አበባ ቁጥር ዋሽንግተን ላይ እንዳለ ቢመታ፣ 55 የብራዚል ኮድ ስለሆነ አውታሩ ጥሪውን ወደ ብራዚል እንደሚሄድ አድርጎ ያነበዋል። ትክክለኛው አደዋወል 011 251 11 ብሎ የቀረውን ማስከተል ነው፤ የፊተኛው 011 መውጫ፣ የኋለኛው 11 ዜሮዋ የቀረችለት የአዲስ አበባ ኮድ ነው።

መነሻ ቁጥር በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዱባይና በእስራኤል በ05 የሚጀምር ሞባይል ከውጭ ሲደወልለት ዜሮውን ያጣል። በጣሊያን ግን የመደበኛ ስልክ ዜሮ የቁጥሩ አካል ስለሆነ ከውጭም ይደወላል፤ የሮም ስልክ በ39 06 ይጀምራል። ኩዌት፣ ኳታርና ባሕሬን መነሻ ቁጥር የላቸውም፤ ስምንቱ አሃዝ እንዳለ ይመታል። በአሜሪካ መነሻው 1 ሲሆን የአገር ኮዱም 1 ነው፤ ስለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም። በአንዳንድ የብሪታንያ ድርጅቶች ካርድ ላይ በአገር ኮዱና በከተማው ኮድ መካከል በቅንፍ የምትጻፍ ዜሮ ደግሞ ለአገር ውስጥ ደዋይ ብቻ ናት፤ ከ44 ጋር አብራ አትመታም።

የመደመር ምልክት ይህን ሁሉ ያቃልላል። በሞባይል ላይ 0ን ተጭኖ በመቆየት የሚገኘው ይህ ምልክት የመውጫ ቁጥሩን ይተካል፤ ትክክለኛውን መውጫ የሚያስገባው አውታሩ ነው። በ+251 ተጀምሮ የተመዘገበ ቁጥር አዲስ አበባም፣ ሪያድም፣ ሚኒያፖሊስም ላይ ያለ ለውጥ ይሠራል።

ተጓዡ የያዘው ሲም ካርድም ለውጥ ያመጣል። የደረሰበትን አገር ሲም ከገዛ እንደ አገሬው በመነሻው ዜሮ ይደውላል። በኢትዮጵያ ሲም በሮሚንግ ከሆነ ግን በመደመር ምልክትና በአገር ኮድ መደወል ይሻለዋል። ሁለት ኢትዮጵያውያን ዱባይ ላይ ጎን ለጎን ሆነው በኢትዮጵያ ሲም ቢደዋወሉ፣ የሚደወለው ቁጥር የኢትዮጵያ ስለሆነ ጥሪው ወደ +251 የሚደረግ ዓለም አቀፍ ጥሪ ነው፤ ሂሳቡም እንደዚያው ይታሰባል።

መነሻም የአገር ኮድም የማይቀበሉ አጭር ቁጥሮች አሉ። የአደጋ ጊዜ ጥሪዎቹ፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በብሪታንያ 999፣ እዚያው አገር ሆኖ እንዳሉ ይመታሉ። የባንኮች የደንበኞች አገልግሎት አጭር ቁጥርና በ800 የሚጀምር ነጻ የጥሪ መስመር ከውጭ አገር ላይነሱ ስለሚችሉ፣ ከጉዞ በፊት የተቋሙን ሙሉ መደበኛ ቁጥር በመደመር ምልክት ጀምሮ መመዝገብ ይጠቅማል።