በአዲስ አበባ ለቤተሰብ ዕረፍት የማረፊያ ሠፈር አመራረጥ

ለስብሰባ፣ ለሥልጠናና ለግምገማ በየዓመቱ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ የመንግሥት ሠራተኛ ከተማዋን ያውቃታል ተብሎ ይገመታል። ሆኖም ያው ሠራተኛ የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ፣ ባለቤቱንና ልጆቹን አስከትሎ ሲመጣ፣ በውሎ አበል ያረፈባት ከተማና በራሱ ኪስ የሚያርፍባት ከተማ አንድ አለመሆናቸውን የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡም ቀኑም ካለቀ በኋላ ነው። በሥራ ጉዞ ወቅት ማረፊያ የሚመረጠው ለመሥሪያ ቤቱ ባለው ቅርበት ነው። በዕረፍት ጉዞ ግን ጉዳይ የሚፈጸምበት መሥሪያ ቤት የለም። መመዘኛዎቹ ልጆች በቀን ስንት ጊዜ ታክሲ እንደሚሳፈሩ፣ እኩለ ቀን ላይ ወደ ክፍል ተመልሶ ማረፍ መቻል አለመቻሉና በመጨረሻው ቀን ንጋት ላይ ወደ መናኸሪያ ወይም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረገው ጉዞ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የትምህርት ቤት ባልንጀራ የሆነ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያጋጠመው ለዚህ ማሳያ ይሆናል። ለሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር በየካቲት ወር መጥቶ ያረፈው በሥልጠና ወቅት በለመደው በሜክሲኮ አካባቢ ነበር። ክፍሉም ዋጋውም መልካም ነበር። ይሁንና ልጆቹ ሊያዩዋቸው የጓጉላቸው ስፍራዎች በሙሉ በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል በመሆናቸው፣ በየቀኑ ሁለትና ሦስት ጊዜ ታክሲ መለዋወጥ ግድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በመቃረቡ በአካባቢው ያሉ መንገዶች ለእንግዶች እጀባ ሲባል በተደጋጋሚ ይዘጉ ጀመር። ትንሿ ልጅ በአባቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ እንደወሰዳት ቤተሰቡ እንጦጦን ሳያይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ለአልጋ የቆጠበውን ለታክሲ እንዳወጣው የነገረን በኋላ ነው።

እንግዳው ከሆቴል ስም በፊት ሠፈር ሊመርጥ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ሠፈር ለመምረጥ ደግሞ የከተማዋን አቀማመጥ ማስተዋል ይጠቅማል። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃው አካባቢ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ለጎብኚ የምታቀርባቸው አብዛኞቹ ስፍራዎች ከእንጦጦ ተራራ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ በሚወርደው መስመር ላይ የተደረደሩ ናቸው። ከላይ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ይገኛል፤ ዝቅ ሲል የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ገበያ፣ ቀጥሎ በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም፣ ከዚያ በአምስት ኪሎ አካባቢ ድንቅነሽን የሚያስተዋውቀው ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ከአራት ኪሎ ወዲህ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት የሆነው የአንድነት ፓርክ፣ የወዳጅነት ፓርክና በ2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። መስመሩ ታች መስቀል አደባባይ ሲደርስ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከዚህ መስመር የራቀ ሆቴል ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ ልዩነቱ በትራንስፖርት ክፍያና በድካም ይካካሳል።

ልጆች ይዞ ለሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ቤተሰብ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት ቅድሚያ የሚሰጠው ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው አካባቢ ነው። በአራት ኪሎ ዙሪያ ያሉት ማረፊያዎች ብዙ አይደሉም፤ አብዛኞቹም መካከለኛና አነስተኛ ናቸው። ነገር ግን ከቁርስ በኋላ በእግር ወደ ሙዚየም ሄዶ፣ ለምሳ ተመልሶ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ፓርክ መውጣት የሚቻልበት ሌላ ሠፈር ማግኘት ያስቸግራል። ከፒያሳ ተነሥቶ በራስ መኰንን ድልድይ በኩል አራት ኪሎ ለመድረስም የእግር ጉዞው ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ስለ ፒያሳ ግን አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ከ2016 ዓ.ም. በፊት ፒያሳን የሚያውቅ ሰው በትዝታው ተመርቶ ማረፊያ ሊፈልግ አይገባም። የአድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በኮሪደር ልማቱ ሳቢያ የአካባቢው ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛውረዋል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ቀድሞ በየጓሮው የነበሩ አነስተኛ አልጋ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። «ከእገሌ ኬክ ቤት ጀርባ» የሚለው የቆየ አቅጣጫ አመላካች እንግዳን ባዶ ሜዳ ላይ ሊያቆም ይችላል። የከተማዋ የመጀመሪያ ሆቴል መሆኑ የሚነገርለትና በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት የነበረው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና የመታሰቢያው ሙዚየም ግን በአንድ ቀን ከሰዓት በፊት ተዟዙሮ ለማየት ይመቻሉ።

ካዛንቺስም በተመሳሳይ መልኩ ተለውጧል። የሠፈሩ ስያሜ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረ የኢጣሊያ ተቋም ምህጻረ ቃል የመጣ በመሆኑ፣ የሲቪል ሰርቫንቱ የራሱ ሠፈር ነው ማለት ይቻላል። ለረጅም ዓመታት የመካከለኛ ሆቴሎች፣ የፔንሲዮኖችና የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ ሆኖ የቆየው ይህ ሠፈር በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ አብዛኛው ነባር ክፍሉ ተነሥቷል። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን አካባቢ ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች ለጉባኤ እንግዳ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ ዋጋቸው ከቤተሰብ በጀት ጋር የሚጣጣም አይደለም። በካዛንቺስ ርካሽ አልጋ አገኛለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ቤቱ በቦታው መኖሩን ቢያረጋግጥ ይመረጣል።

ቦሌ ሌላ ጉዳይ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መስቀል አደባባይ ያለው 5 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ግራ ቀኙ በሆቴል የተሞላ ነው፤ ምግብ ቤቱ ብዙ፣ መንገዱ የበራ፣ ለማምሸትም የሚመች ነው። ሌሊት ለሚገባ ወይም ማለዳ ለሚበር መንገደኛ ለአንድ ሌሊት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ከውጭ አገር ለሚመጡ ዘመዶች አቀባበል የተዘጋጀ ቤተሰብም ይመቸዋል። ዋጋው ግን ከሌሎች ሠፈሮች ከፍ ያለ ሲሆን፣ ሙዚየሞቹና የእንጦጦ መንገድ ከተማዋን አቋርጦ የሚደረስባቸው ናቸው። ከዋናው መንገድ ገባ ባሉ አንዳንድ ስፍራዎች ደግሞ የምሽት ሙዚቃ እስከ ንጋት ይዘልቃል። ክፍሉ በየትኛው በኩል እንዳለ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከሜክሲኮ በለገሃርና በስታዲየም በኩል እስከ መስቀል አደባባይ ያለው አካባቢ በትራንስፖርት ረገድ የከተማዋ እምብርት ነው። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች፣ ማለትም ከአያት ጦር ኃይሎችና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የተዘረጉት፣ አንድ ሐዲድ የሚጋሩት በዚሁ ክፍል ነው። ብዙ ጉዳይ በየአቅጣጫው ላለው፣ ዘመድ ለመጠየቅ አንድ ቀን ወደ ቃሊቲ፣ ሌላ ቀን ወደ አያት ለሚሄድ ሰው ተመራጭ ነው። ባቡሩ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ወደ አራት ኪሎም ሆነ ወደ ስድስት ኪሎ እንደማይሄድ ግን መታወቅ አለበት። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚኖረው መጨናነቅም ሕፃን ለያዘ እናት አይመከርም።

መርካቶና አውቶቡስ ተራ ለነጋዴ እንጂ ለዕረፍት የሚሆኑ ሠፈሮች አይደሉም። መርካቶን ለማየት ግማሽ ቀን በቂ ነው፤ ለማደር ግን ጫጫታው፣ የዕቃ ጫኝና አውራጅ ግርግሩና ለኪስ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ቤተሰብን ያሰለቻል። በመናኸሪያ በር ላይ «ጥሩ አልጋ አለ» እያለ ሻንጣ የሚቀበለው ደላላ ክፍያው በእንግዳው ሒሳብ ላይ እንደሚታሰብ ልምድ ያላቸው መንገደኞች ያውቃሉ።

ሃያ ሁለትና መገናኛ በመካከለኛ ዋጋ በርካታ ሆቴሎች የሚገኙባቸው ሲሆኑ፣ ወደ አራት ኪሎም ሆነ ወደ ቦሌ ታክሲ አይጠፋባቸውም። ከዚያ አልፎ በሲኤምሲና በአያት አቅጣጫ ያሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ሰፊ ግቢና ማብሰያ ያላቸው በመሆናቸው ለሳምንት ለሚቆይና የራሱ መኪና ላለው ቤተሰብ ሊስማሙ ይችላሉ። መኪና የሌለው ሰው ግን ባይሞክራቸው ይሻላል።

የጉዞው ወቅት የሠፈሩን ምርጫ ሊለውጠው ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው የኅብረቱ ጉባኤ በሚካሄድበት በየካቲት ወር ሆቴሎች ይሞላሉ፣ በሳር ቤት፣ በሜክሲኮና በቦሌ መንገድ እንቅስቃሴ ይገደባል። መስከረም 16 ቀን የደመራ በዓል በሚከበርበት ወቅት መስቀል አደባባይ ዙሪያ ከረፋዱ ጀምሮ ለተሽከርካሪ ዝግ ይሆናል፤ በዓሉን ለማየት የመጣ በአቅራቢያው ማረፉ ተገቢ ሲሆን፣ ለሌላ ጉዳይ የመጣ ግን ራቅ ቢል ይሻለዋል። ከመስከረም መጨረሻ የኢሬቻ በዓልና ከኅዳር ታላቁ ሩጫ ጋር በተያያዘም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ጥምቀትን በጃን ሜዳ ለማክበር የሚመጣ እንግዳ ስድስት ኪሎ ወይም አራት ኪሎ ካላረፈ በቀር ጥር 11 ቀን ማለዳ በእግሩ ረጅም መንገድ ለመሄድ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ሠፈሩ ከተወሰነ በኋላ በስልክ መጣራት ያለባቸው ጥቂት ነጥቦች አሉ። በከተማዋ ብዙ አካባቢዎች ውኃ የሚዳረሰው በፈረቃ በመሆኑ ሆቴሉ በቂ ሮቶ እንዳለው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለጋራ መብራት ብቻ ነው ወይስ ለክፍልም ይሠራል የሚለው ይጠየቅ። ከሰመራ፣ ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ ለሚመጣ ቤተሰብ ሙቅ ውኃ ቅንጦት አይደለም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶቿ ብርድ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። የተነገረው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና በብዙ ሆቴሎች የሚጠየቀውን የአገልግሎት ክፍያ ማካተቱ፣ ቁርስ ለስንት ሰው እንደሚቀርብ፣ ለልጆች ተጨማሪ ፍራሽ በነፃ ይሁን በክፍያ አስቀድሞ ይለይ። የአልጋ ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ነገ ስለሚለወጥ እዚህ በብር መጥቀስ አላስፈለገም።

የመጨረሻው ሌሊት ለብቻው ሊታሰብ ይገባል። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች የሚነሱት ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ መናኸሪያዎቹም በመርካቶ፣ በላምበረት፣ በአስኮ፣ በቃሊቲና በአየር ጤና የተበታተኑ በመሆናቸው የትኬቱ መነሻ የት እንደሆነ ከዋዜማው መረጋገጥ አለበት። በባቡር ወደ አዳማ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ ቤተሰብም መሳፈሪያው የቀድሞው ለገሃር ሳይሆን በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የሚገኘው የለቡ ጣቢያ ነው። ከአራት ኪሎ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሦስት እንቅልፋም ልጆችንና አራት ሻንጣዎችን ይዞ ከመነሣት፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ለመነሻው በቀረበ መጠነኛ ማረፊያ ማሳለፍ የብዙ መንገደኞች ልማድ ሆኗል። ባልንጀራችንም በዘንድሮው ዕረፍቱ ሦስት ሌሊት በአራት ኪሎ፣ አንዷን ደግሞ በላምበረት ለማደር አልጋ ይዟል፤ እንጦጦ የሚወጡት በመጀመሪያው ቀን ነው።