ከሞት የተረፈው «ሞት»

ስሙ ለአማርኛ ጆሮ አይመችም። «አይታም ሞት» ይባላል። አይታም የመንደሩ ስም ነው። «ሞት» የተባለው ደግሞ፣ አንባቢ አይደንግጥ፣ ብዙዎች እንደሚሉት ቤቱን ዙሪያውን የከበበው በውሃ የተሞላ ቦይ ነው። ቤቱ የሚገኘው ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ኬንት በሚባለው አውራጃ፣ ሸለቆ ውስጥ ነው። ለንደን በሰነበትኩበት ጊዜ አንድ ቀን ሄጄ አይቼዋለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እውነቱን ለመናገር፣ ወደዚያ የሄድኩት አንድ እምነት ይዤ ነበር። «እንግሊዞች አሮጌ ነገር መጠበቅ ያውቁበታል፤ በደማቸው ያለ ነው» የሚል። ስመለስ ግን ይህ እምነት አብሮኝ አልተመለሰም።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ባላባቱ በመሬቱ መካከል ቤቱን ይሠራል፤ ገበሬውን እዚያው ያስገብራል፣ እዚያው ይዳኛል፣ እዚያው ግብር ያበላል። ማነር ሃውስ የሚሉት ይህንን ቤት ነው። አይታም ሞት የተጀመረው በ14ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ፣ በበሩ ማማ ሥር አልፌ ግቢው ውስጥ ስቆም ፊት ለፊቴ ያገኘሁት አዳራሹን ነበር። አሠራሩን ለማስረዳት የባዕድ ቃል አያስፈልገኝም፤ የእኛው «አዳራሽና እልፍኝ» ይበቃል። ጌታና ሎሌ አብረው የሚበሉበት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ፤ ከዚያ ጌታው ገለል የሚልበት እልፍኝ፤ የጸሎት ቤትም አለ። ግድግዳው ከፊሉ ያገሩ ግራጫ ድንጋይ ሲሆን፣ ከፊሉ ኦክ በሚባለው ጠንካራ እንጨት የተዋቀረና የተለሰነ ነው።

ቤቱን የያዘው ሁሉ ከራሱ ዘመን አንድ ነገር ጨምሮበታል። በ1521 የገዛው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ባለሟል ሪቻርድ ክሌመንት፣ ጌታውን ለማስደሰት ሲል በጸሎት ቤቱ የእንጨት ጣሪያ ላይ የንጉሡንና የንግሥት ካትሪንን አርማዎች አሣለ። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ካትሪንን ፈትቶ ሌላ አገባ። ሚስት ተለወጠች እንጂ ጣሪያው አልተለወጠም፤ ቀለሙ ደብዝዞም ቢሆን ዛሬም ይታያል። በ1591 ቤቱ ወደ ሰልቢ ቤተሰብ ተላለፈ። ሰልቢዎች ሦስት መቶ ዓመት ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ኖሩበት። እነሱም በእንግዳ መቀበያው ክፍል ትልቅ የእሳት ምድጃ አሠሩ፤ በ18ኛው መቶ ዓመትም ግድግዳው በእጅ የተሣለ የቻይና ወረቀት ለበሰ። ከ1889 በኋላ ደግሞ የቤቱ ጌታ የሆኑት ሰር ቶማስ ኮልየር ፈርገሰን የውሃ ቧንቧና ማሞቂያ አስገቡ።

ክፉው ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሰር ቶማስ አንዱ ልጅ፣ ገና የ21 ዓመት መኮንን ሳለ፣ በ1917 በቤልጅግ ምድር ኢፕር ላይ ወደቀ፤ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው። አባትየው በ1951 ሲያርፉ ወራሹ ቤቱን ሊይዘው አልቻለም። ይህ የእሱ ብቻ ችግር አልነበረም። ሁለት የዓለም ጦርነቶች፣ ከባድ የውርስ ግብርና የአገልጋይ መጥፋት ተደራርበው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ትልልቅ የገጠር ቤቶች ፈርሰዋል። «በደማቸው ያለ ነው» ያልኳቸው ሰዎች የአያቶቻቸውን አዳራሽ አፍርሰው ድንጋዩን ሸጠዋል። የአይታም ሞት ዕቃ ተሸጠ፤ ጣሪያው ላይ ላለው እርሳስ ሲባል ቤቱ ይፍረስ የሚል አሳብም ተነሣ።

ያዳነው ማን ነው? መንግሥት አይደለም፤ መኳንንትም አይደሉም። ሦስት ያካባቢው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በ5,500 ፓውንድ ገዙት። ሊኖሩበት ሳይሆን፣ የሚችል ሰው እስኪገኝ አደራ ለመያዝ ነበር። በ1953 የተገኘው ሰው እንግሊዛዊ እንኳ አልነበረም። ቻርልስ ሄንሪ ሮቢንሰን ከሜይን የመጣ አሜሪካዊ ነጋዴ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በብስክሌት አገር ሲያይ ቤቱን ተመልክቶት ኖሯል። እንደሚተረከው፣ ገዛለሁ ብሎ ወደ አገሩ በመርከብ ሲመለስ ተጸጽቶ «ትቼዋለሁ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ነገር ግን ደብዳቤውን መርከቡ ላይ ሳይልከው ቀረ፤ በዚያው አሳቡን ለወጠ። ሮቢንሰን በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ እየመጣ ቢቀመጥም አስቸኳዩን ጥገና አስጠገነ፤ በ1985 ሲሞት ቤቱን ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር አወረሰ። አመዱም እዚያው ግድግዳ ውስጥ ተቀምጧል።

ከ1989 እስከ 2004 በተካሄደው እድሳት፣ ሕንፃው ክፍል በክፍል እየተፈታ፣ አሠራሩ እየተመዘገበ፣ እንደገና ተገጠመ። ነቀዝ የበላው እንጨት ተጠገነ። ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጪ ሆኗል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ያልተነካው ነው። የቻይናው ወረቀት ለመካከለኛው ዘመን ቤት ባዕድ ነው ተብሎ አልተነሣም፤ የአሜሪካዊው የመጻሕፍት ክፍልም እሱ እንዳስተካከለው ነው። ማንኛውም ዘመን «ትክክለኛው ዘመን እኔ ነኝ» ብሎ የሌላውን እንዲፍቅ አልተፈቀደለትም።

ከሰባት መቶ ዓመት ጥቂት ያነሰ ዕድሜ ያለው ቤት ነው። ዕድሜው ሁሉ ግን በ1951፣ በሦስት ሰዎች ኪስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ድልድዩን ተሻግሬ ስወጣ የጠየቅሁት ራሴን ነው፤ ቅርስ መጠበቅ በደም የሚወረስ ካልሆነ፣ «እኛ አልለመደብንም» የሚለው ምክንያታችን ምን ይዋጠው?